ባቡሩ መገንጠያው ላይ ከመድረሱ በፊት

ባቡሮች እንዳይጋጩ የሚጠብቀው ኢንተርሎኪንግ የተባለው ሥርዓት፣ ባቡሩ ወዴት መሄድ እንዳለበት አያውቅም። ሁለት ባቡሮች አንድ መንገድ ላይ እንዳይገናኙ ይከለክላል፤ መገንጠያውም ባቡር እያለፈበት እንዳይዞር ይቆልፋል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ባቡር ወደ ሰሜን ብትልኩት ግን ሐዲዱ ባዶ እስከሆነ ድረስ አይቃወምም። በብሪታንያ ለባቡሮች መንገድ ለሚያዘጋጁት የሲግናል ተቆጣጣሪዎች ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሶፍትዌር ልሠራ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

መረጃው ክፍት ነው። የብሪታንያን የባቡር ሐዲዶች የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል የጉዞ ሰሌዳውንም የባቡሮቹን እንቅስቃሴም ለፈለገ ሁሉ ያሰራጫል። እያንዳንዱ ባቡር እንደ 1ኤ34 ያለ ባለ አራት ምልክት መለያ አለው፤ በ1 የሚጀምር ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ነው፣ በ5 የሚጀምር ደግሞ መንገደኛ ያልጫነ። ባቡሩ ሲጓዝ መለያው በተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ የሐዲዱን ክፍሎች ከሚወክሉት ሳጥኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። እኔም እያንዳንዱ ዝላይ እንደ አጭር መልእክት ይደርሰኛል።

ያለፉ ጉዞዎችን ሰብስቤ፣ ሰሌዳው ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር የትኞቹን ሳጥኖች በምን ቅደም ተከተል እንደሚያልፍ ለፕሮግራሙ አስተማርሁት። ይህ ብቻውን የዘገየ ዜና ነው። መለያው ወደ ሌላ ሳጥን የሚዘለው ባቡሩ ሲግናሉን ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት የሚነገር ማስጠንቀቂያ ለተቆጣጣሪው ምንም አይፈይድም።

ጊዜ የሰጠኝ ሌላው የመረጃ ዓይነት ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች የሲግናሎችና የተዘጋጁ መንገዶች ሁኔታ በ0 እና በ1 ይተላለፋል። የትኛው አኃዝ የቱን መንገድ እንደሚወክል ሁልጊዜ ተጽፎ አይገኝም፤ ስለዚህ በትዕግሥት ማየት ነበረብኝ። ባቡሮች ወደ አንድ ቅርንጫፍ ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ወደ 1 የሚቀየር፣ ካለፉ በኋላ ወደ 0 የሚመለስ አኃዝ ካለ የዚያ መንገድ ነው። ይህ ሲገኝ ባቡሩ ገና ሲግናሉ ጋ ሳይደርስ የተዘጋጀለትን መንገድ ከሰሌዳው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ዋናው ፈተና ዝም ማለትን ማስተማር ነው። ባቡር በፈጣኑ ፈንታ በዝግተኛው ሐዲድ ቢሄድና ትንሽ ቆይቶ ወደ ፈጣኑ ቢመለስ ማንም አይጎዳም። የመሳፈሪያ መድረክም በየጊዜው ይቀየራል። ስለዚህ «ከሰሌዳው ይለያል?» የሚለውን ጥያቄ ትቼ «በዚህ መንገድ ከሄደ ቀጣዩ ማቆሚያ ጣቢያው መድረስ ይችላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ጩኸቱ ወዲያው ቀነሰ። ሌላ አንድ ደንብም ጨመርሁ፦ በደቡብ እንግሊዝ ከጎን ካለ ሦስተኛ ሐዲድ 750 ቮልት የሚወስድ ባቡር ያ ሐዲድ ወደሌለበት መስመር እየተላከ ከሆነ፣ ጥያቄ ሳያስፈልግ ይጩህ። እዚያ ከቆመ የሚጎትተው ያስፈልገዋል።

የመልእክቱን አጻጻፍ ያስተካከለልኝ ጡረታ የወጣ ተቆጣጣሪ ነው። «የተሳሳተ መንገድ» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ፣ «ተሳስተሃል አትበለኝ፤ ምን እንዳዘጋጀሁ ንገረኝ» አለኝ። ባቡሩ ሆን ተብሎ ወደ ሌላ መስመር ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም። አሁን የሚለው «1ኤ34፣ የተዘጋጀው ወደ ሰሜን፣ በሰሌዳው ወደ ምሥራቅ» ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው በአንድ ጠቅታ ያሰናብተዋል፤ ለዚያው ባቡር ዳግም አይመጣም።

ጡረተኛው እንደነገረኝ አስቸጋሪው ነገር ባቡሮች ተራቸውን ሲለዋወጡ ነው። ቀድሞ ይመጣል የተባለው ዘግይቶ ከኋላ ያለው ሲቀድም፣ እጅ ለለመደው ባቡር መንገድ ያዘጋጃል። ስለዚህ ሁለት ባቡሮች ከሰሌዳው ተራ ውጪ ወደ አንድ መገንጠያ ሲቀርቡ፣ መንገድ ገና ሳይዘጋጅ ስማቸው በቢጫ ይበራል። በድምፅ ግን አይጮህም።

ፕሮግራሙ ከኢንተርሎኪንጉ ጋር አይገናኝም፤ ያነብባል እንጂ አያዝዝም። አሽከርካሪውም ቢሆን የመጨረሻ ዕድል አለው፦ ከሲግናሉ በላይ የሚበሩት አምስት ነጭ መብራቶች ወደማይጠብቀው አቅጣጫ ካመለከቱ ቆሞ ተቆጣጣሪውን በሬዲዮ ይጠይቃል።