«እወድ…» ላይ የቀረ መልእክት

ዛሬ ከቀትር በኋላ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ይህ ነው የምለው ምክንያት የለውም። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ስልኬ 31 በመቶ ላይ ነው። ትንሽ ጋብ ሲል ጋቢ ደረብኩና ወደ ሐይቁ ወረድኩ። እማዬ ከውስጥ ሆና «በጊዜ ተመለሽ» አለችኝ። ድሮም ትለው ነበር። ጦርነቱ ከመጣበት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግን ስትለው ድምፅዋ ሌላ ነው።

ክረምት ላይ ጣና ቡናማ ነው። ወንዞቹ አፈሩን ይዘውት ይገባሉ። ደመናው ዝቅ ብሎ ክብራን ገብርኤልን ሊውጠው ደርሷል። ልጅ ሆኜ አባዬ እዚህ ዳር አቁሞ ደሴቱን ያሳየኝ ነበር። አንድ ቀን «እኔም ልሂድ» ስለው «እዚያ ሴት አይገባም» አለኝ። አላለቀስኩም። ግን እስከ ዛሬ ደሴቱን ሳይ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ሁልጊዜ የምቀመጥባት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጥግ ያዝኩ። ቅመም ሻይ አዘዝኩ። ከዚያ እንደተለመደው ለጓደኛዬ ለመ. የድምፅ መልእክት መቅዳት ጀመርኩ።

የመ.ን ነገር ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ በስልክ ነው የምንኖረው። እንግሊዝኛ ሲበዛ ይደክማታል። ስለዚህ ያነበብኩትን እኔ በአማርኛ እተርክላታለሁ። በ2016 ዓ.ም. ኢንተርኔት ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት ስልኬ ላይ አስቀድሜ ያወረድኳቸውን ደጋግሜ አነበብኩ። ሲመለስ የምነግራት ተከማችቶ ነበር። ከዚያ ጀምሮ አላቆምንም። አብዛኞቹ የፍቅር መጻሕፍት ናቸው። የሁለት ወንዶች ወይም የሁለት ሴቶች ፍቅር። ይህን እዚህ ስጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሰለኝ። ከዚህ በፊት «አንድ የፍቅር ልብ ወለድ» እያልኩ አልፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ሃርትስቶፐር ነበር። አሊስ ኦስማን እ.ኤ.አ. በ2016 በኢንተርኔት ላይ ገጽ በገጽ መልቀቅ የጀመሩት ኮሚክ ነው። ሁለት እንግሊዛውያን ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይመደባሉ። ኒክ ራግቢ ይጫወታል። ቻርሊ ከበሮ ይመታል። «ሃይ» ይባባላሉ። ብዙ ገጽ ሙሉ ከዚህ የዘለለ ነገር የለም። ልብ ደንገጥ ሲል በሥዕሉ ላይ ትንንሽ ቅጠሎች ይበናሉ። በቃ። ምንም አይሆንም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ደግሞ የወደድኩት ምንም ስለማይሆን ነው። ሁለት ልጆች ተዋደው ማንም ሳይሞት ሌላ ገጽ ይገለጣል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛው ቅጽ ላይ ቻርሊ ምግብ መብላት ያቅተዋል። ሕመም ነው። ኒክ በፍቅሩ ሊያድነው ይሞክርና እንደማይችል ይገባዋል። ሐኪም ያስፈልጋል፤ ሆስፒታል ያስፈልጋል። በፍቅር ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ሐቀኛ የሆነ ብዙ አላየሁም። የእኔ ዘመድ እንዲያ የሆነ ጊዜ መጀመሪያ ጸበል ወሰድነው፤ ቀጥሎ ዝም አልን። ዝምታው ነው የጎዳው።

ሬድ፣ ዋይት ኤንድ ሮያል ብሉን ግን መ. ከእኔ በላይ ወዳዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኬሲ ማክኪስተን ልብ ወለድ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅና የእንግሊዝ ልዑል። በንጉሣዊ ሠርግ ላይ ይጣላሉ፤ ኬኩም ይወድቃል። ያስቃል፤ ይጣፍጣል። እኔን ያልገባኝ መጨረሻው ነው። የሚጻጻፏቸው ኢሜይሎች ሾልከው ይወጣሉ። ዓለም ሁሉ ያነባቸዋል። እዚያ ገጽ ላይ እጄ ቀዝቅዟል፤ ዕውነቴን ነው። እኔ የማውቀው ሰው መልእክቱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አስቤ ነው። እነሱ ግን ቤተ መንግሥት አላቸው። ጠበቃ አላቸው። እናቱ ፕሬዚዳንት ናት። ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ይደግፋቸዋል። ደስ አለኝ፤ አላመንኩትም። መ. «ደስ ካለሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ማመንም እፈልጋለሁ።

ያመንኩት ላስት ናይት አት ዘ ቴሌግራፍ ክለብን ነው። የማሊንዳ ሎ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የብሔራዊ መጽሐፍ ሽልማትን በወጣቶች ዘርፍ አግኝቷል። ታሪኩ በ1954 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ በቻይናውያን ሠፈር ነው። ሊሊ 17 ዓመቷ ነው። ካት የምትባል የክፍሏን ልጅ ትወዳለች። ጊዜው ኮሚኒስት ተብሎ ሰው የሚታደንበት ነው። የአባቷ የዜግነት ወረቀት በአንድ ቃል ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የሊሊ ፍቅር የእሷ ብቻ አይደለም። የቤተሰቡ ነው፤ የሠፈሩ ነው። ጎረቤት ያያል። አክስት ትሰማለች። ስም ይጠፋል። ይህን ለማስረዳት ለመ. አንድ ቃል እንኳ መጨመር አላስፈለገኝም። ሊሊ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያገኘችውን ርካሽ ልብ ወለድ ተደብቃ ቆማ የምታነብበት ቦታ አለ። እኔም የስልኬን ብርሃን ቀንሼ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር የማነበው።

የናይጄሪያዊቷ የቺኔሎ ኦክፓራንታ አንደር ዘ ኡዳላ ትሪስ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፤ ከቢያፍራ ጦርነት ይጀምራል። ጦርነት ምን እንደሆነ ስለማውቅ ይሆናል፣ መጀመሪያው ላይ ብዙ ቆየሁ። ኢጄኦማ አሚናን ትወዳለች። አንዷ ኢግቦ፣ አንዷ ሐውሳ። እናቷ ስትደርስባት መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ ታስተምራታለች፤ ቀን በቀን፣ ምዕራፍ በምዕራፍ። ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇን ትወዳለች። የሚከብደው እሱ ነው። ያንን ክፍል ለመ. ስተርክ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «የማን ታሪክ ነው?» አለችኝ። «የናይጄሪያ» አልኳት። «አይ የሰው አገር» ብላ ሄደች።

ከእነዚህ መጻሕፍት ጀርባ ያለውን ሳነብ ነው የመጨረሻው ነገር የያዘኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግ ፋየር የሚባል የሁለት ሴቶች ታሪክ ታተመ። አሳታሚው ደራሲዋን መጨረሻው በደስታ እንዳያልቅ አላት። በደስታ ካለቀ ፖስታ ቤት «ጸያፍ ነው» ብሎ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ፍቅረኞቹ መጥፋት ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ፓትሪሽያ ሃይስሚዝ ዘ ፕራይስ ኦቭ ሶልትን በብዕር ስም አወጣች። እዚያ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች አይሞቱም፤ ተስፋ አላቸው። አንባቢዎች ደብዳቤ በደብዳቤ አድርገዋት ነበር። ከእሷም በፊት እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር ሞሪስን በ1914 ጽፎ ጨርሶ ነበር። ሁለቱን ወንዶች ደስተኛ አድርጎ ነው የጨረሰው፤ ያንን መጨረሻ አልለውጥም ብሎ። የታተመው ግን በ1971 ነው። እሱ ከሞተ በኋላ።

ይህን ሳውቅ ያሰብኩት ሰብለ ወንጌልን ነው።

የእኛው ጎጃም፣ የእኛው ፍቅር እስከ መቃብር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት። እማዬ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው ያወቀችው። አሁንም ድምፁን ስትሰማ ሥራዋን ታቆማለች። በዛብህ ይሞታል። ሰብለ ትመነኩሳለች። መጨረሻቸው አንድ መቃብር ነው። ወንድና ሴት ናቸው፤ ኃጢአታቸው አንዱ ድኻ፣ አንዷ የባላባት ልጅ መሆኗ ነው። እሱም አላለፈላቸውም። እና እኛ ስናድግ ትልቅ ፍቅር ማለት የሚገድል ፍቅር ነው ብለን ነው ያደግነው። ካልሞቱ ፍቅር አይመስለንም። ለዚህ ነው መሰለኝ እነ ኒክ እንዲህ የያዙኝ። ሌላ ቀን መጥቶ አብረው ቁርስ የሚበሉበት ፍቅር። መጽሐፉን አሁንም እወደዋለሁ። ግን ማንም ከመቃብሩ መለስ እንድንል አላስተማረንም።

እንግዲህ ዛሬ በረንዳው ላይ ይህን ለመ. እያወራሁ ነበር። የሃርትስቶፐርን አንድ ገጽ እንደገና ንገሪኝ ብላ ነበር፤ ኒክና ቻርሊ «እወድሃለሁ» የሚባባሉበትን። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳት። «እወድሃለሁ።» ከጎኔ ሁለት ሴትዮዎችና አንድ አስተናጋጅ ልጅ ነበሩ። አንዷ ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ። እጮኛዬን የማናግር መስሏት ነው። አየሽ መ.፣ በእኔ ድምፅ ሲነገር የሁለት ወንዶች ፍቅር የወንድና የሴት ሆነ። ማንም ምንም አላለም።

ቀጥሎ ሊሊ ለካት የሚሰማትን በአማርኛ ልል ነበር። «እወድ…» አልኩና ቆምኩ።

በእንግሊዝኛ ቃሉ ጾታ የለውም። ለማን እንደተባለ አያጋልጥም። አማርኛ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይጠይቅሻል። ሃ ነው ሻ? በአንድ ፊደል ትታወቂያለሽ። ማምለጫው «እርስዎ» ብቻ ነው። ሊሊ ካትን «እወድዎታለሁ» ትበላት? እማዬ ታናሽ ወንድሜን ስታቆላምጠው «አንቺ» ትለዋለች። እኔና መ. ደግሞ ስንጫወት «አንተ ልጅ» እንባባላለን። አማርኛ ራሱ ሲወድ የሚቀያይረው አለው፤ በጨዋታ እስከሆነ ድረስ።

ሌላም አለ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው፤ እኛ ግን «እወድሻለሁ» እና «አፈቅርሻለሁ» አለን። የመጀመሪያውን ለእህቴም፣ ለጎረቤትም፣ ለመ.ም እላለሁ። ስልክ ስዘጋ ሁሌ ለመ. የምለው እሱን ነው። ሰው ይስማ አይስማ አስቤ አላውቅም። ሁለተኛውን ለማንም ብዬ አላውቅም። ሊሊ የትኛውን ነው የምትለው? ሁለተኛውን ነው፤ ይገባኛል። ግን እኔን የመጀመሪያውም አልወጣ አለኝ። በየቀኑ የምለው ቃል።

ስም ሊሰጠው የሚችል ሌላ ቃል ፈለግሁ። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 ላይ ያለው ቃል አለ። በየስብከቱ የሚነሣውም ያው ነው። እሱን ቃል ይዤ ስለ ሊሊ ማውራት አልችልም። ሊሊ ውስጡ የለችም። እዚህ አገር እንደ ሊሊ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ሌላ ቃል እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ አልጽፈውም። የእነሱ ነው፤ መደበቂያቸው ነው።

ሻዩ ቀዝቅዟል። ፈገግ ያለችልኝ ሴትዮ «የኔ ልጅ፣ ምነው ዝም አልሽ? ተቆረጠ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ ኔትወርክ ነው» አልኳት። ኔትወርክ ግን ነበር።

ቤት ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው፤ በሻማ። መልእክቱ አልተላከም። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይላል፤ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ዝናብ ብቻ ናቸው። ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ እማዬ ጎረቤት ቡና ላይ ናት። አሁን ብለው የሚሰማኝ መ. ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ብያታለሁ። ታዲያ ዛሬ ምን ተለወጠ?

ስልኩ 6 በመቶ ላይ ነው። መ. ጽፋለች።

«ከዚያስ? ምን አለቻት?»