የበረዶ ናዳ፦ ከመስመሩ ውጭ ለምትወጡ

ከሲያትል ስኖኳልሚ ፓስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ስቲቨንስ ፓስ ለመድረስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እዚያ ባሉት የስኪ ሪዞርቶች ክልል፣ በተከፈተው መስመር ላይ እስካላችሁ የናዳውን ነገር ሠራተኞቹ በየማለዳው ያስቡበታል። ወሰኑን የሚያሳየውን ገመድ አልፋችሁ ከወጣችሁ ግን ማሰቡ የእናንተ ነው።

ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ዝርግ ናዳ የሚባለው ነው። እሱም ከላይ የተጠቀጠቀ ንጣፍ፣ ከሥሩ የላላ ስስ ንብርብርና ቁልቁለት ሲገናኙ ይፈጠራል። ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ነው፤ ከዚያ ለጥ ካለ አይንሸራተትም፣ ከዚያ ቀጥ ካለ ደግሞ በረዶው ሳይጠራቀም ጥቂት በጥቂት ይረግፋል። በዓይን መገመት ያሳስታል። የስኪ ዱላውን በቁልቁለቱ አቅጣጫ በረዶው ላይ አጋድሙና ስልካችሁን ላዩ ላይ አድርጋችሁ በስልኩ የማዕዘን መለኪያ ለኩት። እግራችሁ ያለበት ቦታ ሜዳ መሆኑም ብቻውን አያድንም፤ ከበላያችሁ ያለው ተዳፋት ሊመጣባችሁ ይችላል።

የላላው ንብርብር የሚፈጠርበት አንዱ መንገድ እንዲህ ነው። ከበረዶው ሥር ያለው መሬት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ ጥርት ባለ ሌሊት የላዩ አየር እጅግ ይቀዘቅዛል። በረዶው ስስ ከሆነ በየ10 ሳንቲሜትሩ ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይመጣል፣ እንፋሎት ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ የማይያያዙ ማዕዘናማ ፍሬዎች ይሆናሉ። ቆፍራችሁ እፍኝ ብታወጡ አይጨበጥም፤ እንደ ስኳር በጣታችሁ መሃል ይፈስሳል። አዲስ በረዶ ሲጫንበት ለሳምንታት እንዲሁ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

ከዚያ የሚቀረው ጭነት ነው። በአንድ ቀን 30 ሳንቲሜትር ከጣለ፣ ዝናብ ከዘነበበት ወይም ሙቀቱ በድንገት ከጨመረ ተጠንቀቁ። ከሁሉ የሚናቀው ነፋስ ነው፤ ከተራራው አንደኛው ወገን ጠርጎ በሌላኛው ሲከምር ከሰማይ ከሚወርደው እስከ አሥር እጥፍ ይፈጥናል። ስትረግጡት «ውፍ» ብሎ ከሰመጠ ወይም ከእግራችሁ ስንጥቅ ከሮጠ በመጣችሁበት ተመለሱ። ጩኸት ናዳ ያስነሳል የሚባለው ተረት ነው። ለሞት ከሚያበቁት ናዳዎች ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል የሚያስነሳው የተጎጂው ወይም የጓደኛው ክብደት ነው።

ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ የነበረችው የዌሊንግተን የባቡር መንደር ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ሲገጥም ምን እንደሚሆን አይታለች። በፌብሩዋሪ 1910 መጨረሻ ሁለት ባቡሮች በውሽንፍር ምክንያት ለቀናት እዚያ ቆሙ። ከሐዲዱ በላይ ያለው ደን ቀደም ሲል ተቃጥሎ ስለነበር በረዶውን የሚይዝ ግንድ አልነበረም። ከዚያ በረዶው ወደ ዝናብ ተቀየረ፤ ማርች 1 ሌሊት፣ ነጎድጓድ እየጮኸ፣ ተዳፋቱ ተንዶ ባቡሮቹን ወደ ሸለቆው ጠረጋቸው። 96 ሰው አለቀ፤ በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል የገደለ የበረዶ ናዳ የለም። የባቡር ኩባንያው በኋላ ሐዲዱን በኮንክሪት ጣሪያ ሸፈነ፣ በ1929 ደግሞ ወደ 12.5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ተከፈተ። ዛሬ አውራ ጎዳናዎቹን የሚጠብቁት መንገዱን ዘግተው በፈንጂ ናዳውን ቀድመው ያወርዱታል። መዘጋቱ ሹፌር ያናድዳል፤ ከዌሊንግተን በኋላ ግን የሚከራከሩበት አይመስለኝም።

የሰሜን ምዕራብ የናዳ ማዕከል በክረምት በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፤ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ሰው 3ን «መሃል ነው» ብሎ ያልፈዋል። በ3 ግን ሰው ናዳ ማስነሳቱ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሞትም የሚመዘገበው በዚህ ደረጃ ነው፤ 5 ሲሆንማ ማን ከቤቱ ይወጣል።

ከወጣችሁ እያንዳንዱ ሰው ቢከን (ሲግናል የሚልክና የተቀበረ ሰው ሲግናል የሚፈልግ መሣሪያ)፣ ፕሮብ (በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ረጅም ዘንግ) እና አካፋ ይያዝ፤ ለአራት ሰው አንድ ቢከን ማለት ምንም ማለት ነው። አደገኛውን ተዳፋት አንድ በአንድ ተሻገሩ፣ ሌሎቹ ከአስተማማኝ ቦታ ሆነው ይመልከቱ። የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ሦስት ያህሉ ብቻ። ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ አይደርስም። አንዱ 911 ይደውል፣ ደዋዩን ጨምሮ ሁሉም ቢከናቸውን ወደ ፍለጋ ይቀይሩ። የሚፈልገው ሰው ስልኩን ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ያርቅ፤ ሲግናሉን ያበላሽበታል። መጨረሻዎቹ ሦስት ሜትሮች ላይ ቢከኑን በረዶው ላይ አስጠግታችሁ ቀስ በሉ፣ ቢከኑ የሚያሳየው የርቀት ቁጥር ከሁሉ ካነሰበት ነጥብ ተነስታችሁ በ25 ሳንቲሜትር ልዩነት እየዞራችሁ በፕሮቡ ውጉ። ሰውየውን ሲነካ ፕሮቡን አትንቀሉት። ቁፋሮው ከበላይ አይደለም፤ ከፕሮቡ ወደ ቁልቁለቱ የጥልቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ርቃችሁ ወደ ጎን ግቡ። መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ደረቱን አስለቅቁ። አካፋው የብረት ይሁን፤ የቆመ ናዳ ድርቅ ይላል፣ ፕላስቲኩ ይሰበርበታል።