ዋቱን ትቼ ድምፁን ስሰማ

ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፍቼ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩና አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ስልኬን አልነካሁም። አንድም ዘፈን አላሳለፍኩም። እንዲህ ካዳመጥኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ እንጃ። ወራት የፈጀው የስፒከር ፍለጋዬ ዛሬ አለቀ፤ ሳልረሳው ልጻፈው።

የድሮው ቴፔ ትልቅ ነበር። ፊቱ ላይ «1000 ዋት» የሚል ተለጥፎበታል፤ የገዛሁትም ያንን አይቼ ነው። ቤት ገብቶ ጥቂት ሳምንት እንደቆየ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሙዚቃ እከፍታለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮዬ ይደክመኛል፣ እዘጋዋለሁ። ቤዙ ያጓራል፣ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ለካ ያ 1000 ለቅጽበት ብቻ የሚታሰብ ቁጥር ነው። ያለማቋረጥ የሚሰጠው ትክክለኛ ጉልበት፣ አርኤምኤስ የሚሉት፣ መመሪያው መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት፤ ከላዩ ከተለጠፈው ጋር አይቀራረብም።

ስለ ዋት ሳነብ በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። የአምፕሊፋየሩ፣ ማለትም ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠው መሣሪያ፣ ዋት እጥፍ ቢሆን የሚጨምረው 3 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ብሎ የሚያልፈው ያህል። ድምፁ እጥፍ ሆነ እንድንል ወደ 10 ዲሲቤል ይፈልጋል፤ ይህም ማለት አሥር እጥፍ ዋት። ስፒከሩ ራሱ ግን ከዚህ የበለጠ ይወስናል። መረጃው ላይ 84 ወይም 90 ዲሲቤል የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ በ1 ዋት፣ ከ1 ሜትር ርቀት ሲለካ የሚያወጣው ድምፅ ነው። 90 የሚለው በ30 ዋት የሚደርስበት ላይ 84 የሚለው ለመድረስ 120 ዋት ያስፈልገዋል። ይህን ካወቅኩ በኋላ የዋት ነገር ከልቤ ወጣ።

ስለዚህ ያለኝን ገንዘብ አብዛኛውን ስፒከሩ ላይ ለማዋል ወሰንኩ። አምፕሊፋየር ያገለገለ ቢሆንም ይሠራል፤ በደንብ የተሠራ አምፕ ቶሎ አያረጅም። ቁመታቸው ወገቤ የሚደርሱ ስፒከሮችም አምረውኝ ነበር፣ ግን በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ሳጥን ሲሠራ ገንዘቡ እንጨቱ ላይ ያልቃል። በዚያው ዋጋ ትንንሾቹ ውስጣቸው የተሻለ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አሁንም አሳቤን አልቀየርኩም።

ያገለገለ ስፒከር ሲታይ መጀመሪያ መረቡን ማንሳት ነው። መጀመሪያ ልገዛው የነበረው ጥንድ ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስል ነበር። መረቡን አንስቼ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ በሚያወጣው ወረቀት ዙሪያ ያለውን የስፖንጅ ቀለበት በጣቴ ነካ ሳደርገው ፍርክስክስ አለ። ስፖንጅ በዕድሜ ይበሰብሳል፤ ጎማ ሲሆን ነው ረጅም የሚቆየው። አምፑም ላይ ቮልዩሙን ቀስ እያልኩ አዞርኩት፤ የሚንጫጫ ከሆነ ውስጡ ቆሽሿል ማለት ነው። ግራና ቀኙንም ለየብቻ ሰማሁ።

ሁለት ጥንድ ጎን ለጎን ሳወዳድር ደግሞ ልሳሳት ለትንሽ ነው የተረፍኩት። አንደኛውን ወዲያው ወደድኩት፤ ደመቅ ያለ፣ ሕይወት ያለው መሰለኝ። ቆይቼ ሳስተውል ለካ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚጮኸው። ጆሮ ከፍ ያለውን «ይሻላል» ይላል፣ ተፈጥሮው ነው። ቮልዩሙን እኩል አድርጌ፣ ልቅም አድርጌ የማውቀውን ዘፈንና አንድ ሰው ብቻውን የሚያወራበትን ቅጂ አሰማሁ። የሰው ንግግር አያታልልም፤ ሰው እንዴት እንደሚያወራ ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ ሁለተኛውን መረጥኩ።

ቤት አምጥቼ ስከፍተው ግን ልቤ ስብር አለ። ቤዝ የለም። የዘፋኙ ድምፅ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ገንዘቤን አቃጠልኩ ብዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ገመዶቹን አንድ በአንድ ሳይ በአንደኛው ስፒከር ላይ ቀዩና ጥቁሩ ተገለባብጠዋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስባል፣ ቤዙም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አስተካክዬ ስከፍተው ድምፁ መጥቶ መሀል ላይ ቆመ፤ ምንም በሌለበት፣ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ። ተነስቼ ሄጄ አየሁት፣ እውነት ነው የምላችሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያለ ገንዘብ የተደረገ ነው። ከክፍሉ ጥግ አወጣኋቸው፤ ጥግ ቤዙን ያሳብጠዋል። ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል አራቅኳቸው። ሳጥኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ስፒከር፣ ትዊተሯን፣ ስቀመጥ ከጆሮዬ ጋር እኩል አደረግኩ። እኔና ሁለቱ ስፒከሮች የምንሠራውን ሦስት ማዕዘን ሦስቱንም ጎን ተቀራራቢ አደረግኩት። ባዶው ወለል ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ሳጨበጭብ የሚመለሰው ጩኸት ቀነሰ። ገመዱ ተራ የመዳብ ገመድ ነው፣ ውድ አልገዛሁም፣ ለዚህ ርቀት ይበቃል።

አንድ ችግር ቀርቷል። ቤዝ ጊታሩ አንድ ኖታ ላይ ሲደርስ ብቻውን ያብጣል። ክፍሉ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከሶፋው ተነስቼ በር ጋ ስቆም ይጠፋል። ነገ ሶፋውን ትንሽ ወደፊት ስቤ አየዋለሁ።

የዛሬውን አልበም ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ሦስተኛው ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ዘፋኟ ትንፋሽ እንደምትስብ ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።