እስክሪብቶዬን ሳወጣ ሁሉም እጁን ያጸዳል

የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ የመረጥኩት በስንፍና ነው። «የጤና ባለሙያዎች የእጅ ንጽሕና ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» የሚለው ርዕስ ከእኔ በፊት በብዙ ተማሪ እጅ ያለፈ ስለሆነ መጠይቁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ የናሙናው፣ ማለትም የሚጠየቁት ሰዎች ቁጥር እንኳ የታወቀ ነው። የሚጠናው ነገር መጠኑ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይገመታል፤ 95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና 5 በመቶ የስሕተት ወሰን ሲገባበት 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲታከልበት 423። ይህችን ቁጥር የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ከልደት ቀኑ እኩል ያውቃታል።

አማካሪዬ ፕሮፖዛሉን ገለጥ ገለጥ አድርገው መጠይቁ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ታካሚ ከመንካትህ በፊት እጅህን ታጸዳለህ?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔም ብጠየቅ እንደዚሁ ነው የምለው» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ንድፉን መቀየር የወራት ሥራ ስለመሰለኝ እንዳልገባው ሰው ሆኜ ወደ ቅድመ ሙከራ ሄድኩ። የናሙናውን 5 በመቶ፣ ማለትም 21 ባለሙያዎችን መጠየቅ ነበረብኝ። አንደኛው መጠይቁን የሞላልኝ ጓንቱን ሳያወልቅ ነው። የአንዲት ታካሚ ቁስል አሽጎ እንደጨረሰ በዚያው እጁ እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ፤ «ጓንት ካወለቁ በኋላ እጅዎን ያጸዳሉ?» ለሚለው ጥያቄ «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፤ እስክሪብቶውን መለሰልኝና በዚያው ጓንት የሚቀጥለውን ታካሚ የደም ግፊት ሊለካ ሄደ። ሰውየው አልዋሸም። ጥያቄው ጓንት ስለሚወልቅበት ጊዜ ነው፤ እርሱ ደግሞ አላወለቀም።

እስክሪብቶው የት ውሎ እንደመጣ ያሰብኩት ኪሴ ከከተትኩት በኋላ ነበር።

«ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚባለው ይህ ነው። መጠይቄ የሚለካው ሰው ስለ እጁ ምን ማለት እንደሚገባው ማወቁን ነው፤ እጁን አይለካም። የዚያን ዕለት ማታ የሐኪሙን የኢግናዝ ዜመልቫይስን ታሪክ እንደገና አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ከሁለቱ የማዋለጃ ክፍሎች አንደኛው፣ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች የሚሠሩበት፣ ከአዋላጆቹ ክፍል ይልቅ ብዙ ወላዶችን በትኩሳት ይገድል ነበር። ተማሪዎቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወደ ወላዶቹ ይሄዳሉ። ዜመልቫይስ እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ በኤፕሪል 18 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። እኔን የገረመኝ ግን መጠይቅ አለመበተኑ ነው። የሁለቱን ክፍሎች የሞት መዝገብ አስተያየ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ጠየቀ። (በዚያ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኞቹ ተማሪዎች መሆናቸውም አላመለጠኝም።)

ስለዚህ መጠይቁን ትቼ ምልከታ ልሠራ ወሰንኩ። የጸደቀ ፕሮፖዛል ሲቀየር ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው መመለስ ግድ ነው፤ እኔ እንደ ፎርማሊቲ ቆጥሬው ሄድኩ። ኮሚቴው አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ፦ «እየተመለከትህ ሳለ አንድ ባለሙያ እጁን ሳያጸዳ ካቴተር (ወደ ሰውነት የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሊያስገባ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» ምንም አልጻፍኩም ነበር። ዝም ብል ታካሚው ይጎዳል፤ ብናገር መረጃዬ ይበላሻል። ያልጻፍኩት ሳላስብበት ነው፤ ያላሰብኩበትም በሽተኛው በጥናቴ ውስጥ ስላልነበረ ይመስለኛል። በመጨረሻ የተስማማንበት፣ ወደ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ነገር ሊሠራ ሲል ካየሁ ወዲያው እንድናገር፣ አጋጣሚውንም «አላጸዳም» ብዬ እንድመዘግብ ነው። አንድ ጊዜ ደረሰብኝ። «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እጅዎን» አልኳቸው። ቆም አሉ፣ አጸዱ፣ «አመሰግናለሁ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ሰላይ መታየቴን በሚገባ አውቄዋለሁ።

መመዝገቢያው የዓለም ጤና ድርጅት «አምስቱ ጊዜያት» ነው፦ ታካሚ ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ አሠራር የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚ ከነኩ በኋላ፣ የታካሚውን አካባቢ ከነኩ በኋላ። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፦ ማጽዳት የሚገባው ስንት ጊዜ («አጋጣሚ» የምንለው ይህን ነው) ነበር፣ ከዚያስ በስንቱ አጸዳ? ረዳቴና እኔ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ነርስን አብረን ተመለከትን። ከአንዱ ታካሚ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ሌላው ሄደች፤ መሐል ላይ እጇን በአልኮል አሸች። ረዳቴ «ሁለት አጋጣሚ፣ አንድ ማጽዳት» ብሎ ጻፈ፤ እኔ «አንድ አጋጣሚ፣ አንድ ማጽዳት»። በእርሱ ወረቀት ነርሷ ግማሽ አገኘች፣ በእኔ ሙሉ። ትክክሉ የእኔ ነበር፤ «ከነኩ በኋላ» እና «ከመንካት በፊት» በአንድ ቅጽበት ከተገጣጠሙ አጋጣሚው አንድ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን መመሪያውን ከተጣላን በኋላ ገልጠን ነው። ሁለታችን ተመሳሳይ ቁጥር እስክንጽፍ ድረስ አንድ ሳምንት ሙሉ በልምምድ አለፈ፤ ከጥናቱ ሁሉ በሚገባ የዋለ ሳምንት ብባል እርሱን እጠራለሁ።

ከዚያ ዋናው ችግር መጣ። እስክሪብቶዬን ሳወጣ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያሻል። አንዱ ሐኪም ፊቴ ቆሞ፣ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ፈገግ እያለ አሸልኝ። የአልኮል ማጽጃ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሰውየው ከዚያም በላይ አሸ። ሰው እንደሚታይ ሲያውቅ ጠባዩን መቀየሩ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆውቶርን ፋብሪካ በተደረጉ ጥናቶች ስም ይጠራል፤ በክፍል ውስጥ ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ፈገግ እያለ እጁን ሲያሽብኝ ግን አላውቀውም ነበር።

ተደብቆ መመልከት ይቻል ነበር፤ እኔም ኮሚቴውም አልወደድነውም። የመረጥኩት መሰልቸት ነው። ክፍሉ ጥናት እንዳለ፣ የማንም ስም እንደማይጻፍ ተነገረው፤ እኔም በተለያየ ሰዓት፣ ሌሊትም ጭምር፣ 20 20 ደቂቃ እየተመለከትኩ፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ ሳልከታተል፣ ጥግ ላይ እንዳለ ወንበር እስክቆጠር ድረስ ተመላለስኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መረጃ በትንተናው እንደማይገባ አስቀድሜ በፕሮፖዛሉ ጽፌ ነበር። አስቀድሞ መጻፉ ወሳኝ ነው፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ የማይመቸውን ቀን ማውጣት ሌላ ስም አለው። በሁለተኛው ሳምንት ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር፤ ቁጥሩም በዚያው ልክ ወረደ።

በሌሊት ነው ያየሁት። አንዲት ነርስ ሰባተኛው አልጋ አጠገብ ያለውን የአልኮል ጠርሙስ ተጫነች፤ አየር ብቻ ተነፈሰ። እንደገና ተጫነች። ከዚያ እጇን በጋዋኗ ጠርጋ ታካሚውን ነካች። በቅጼ ላይ የነበረው ምርጫ «አጸዳ» ወይም «አላጸዳም» ብቻ ነው። «አላጸዳም» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየሁት። ዕውቀቷንም አመለካከቷንም በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሁለቴ ተጭናለች። በማግሥቱ እንደገና ወደ ኮሚቴው ሄጄ «በአቅራቢያው የሚሠራ ማጽጃ ነበር?» የምትል አንዲት ዓምድ አስጨመርኩ። የጥናቱ ዋጋ ያለው ግኝት ሁሉ የወጣው ከዚያች ዓምድ ነው።

ትንተናው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናክያለሁ። መረጃውን ሁለታችን ለየብቻ አስገብተን ስናመሳክር እኔ «አዎ»ን 1፣ «አይ»ን 2 ስል ረዳቴ 1 እና 0 ሲል መክረሙ ተገኘ፤ ድርብ ማስገባት ባይኖር ማንም አያውቀውም ነበር። ሌላው የከፋ ነው። የመዘገብኳቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸውና በኩራት አቀረብኩ፤ የስታቲስቲክስ መምህሬ «ሰዎቹስ ስንት ናቸው?» አሉኝ። ጥቂት ነበሩ። አንድ ቸልተኛ ሰው ሠላሳ ጊዜ ሲቆጠር ሠላሳ ቸልተኛ አይሆንም። ስም አልጽፍም ስላልኩ በየሰዉ ኮድ ባልሰጥ ኖሮ ይህን ማስተካከል አይቻልም ነበር፤ ኮዱን የሰጠሁትም በአማካሪዬ ግፊት እንጂ በብልሃቴ አይደለም።

ጥናቴን በፈታኞች ፊት በተከላከልኩበት ዕለት ስለ ፒ ዋጋ፣ ስለ አንድ የስታቲስቲክስ ቁጥር፣ ጠየቁኝ፣ መለስኩ፣ አለፈ። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በፊት ውጤቱን ለክፍሉ ያቀረብኩበትን ቀን ነው። አስተባባሪዋ ነርስ መግቢያውን አላነበቡም፤ ገጹን እየገለጡ የጠርሙሶቹ ሰንጠረዥ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ «ይህችን ገጽ ብቻ ስጠኝ» ብለው አስገነጠሉኝና ይዘው ወደ ግምጃ ቤቱ ወረዱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ደብዳቤ ለማስፈረም ስመለስ በሰባተኛው አልጋ በኩል አለፍኩ። ጠርሙሱ ሞልቷል፤ የተሞላበት ቀንም በማርከር ተጽፎበታል። ሦስተኛው አልጋ ጋ ያለውን ተጫንኩት፤ አየር ብቻ ነበር።