ጋኔኑ በአንድ እግሩ ቆሞ ጸለየ

ልብ ወለዴን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ለማበላሸት ግን አንድ ምሽት በቃኝ። በዚያ ምሽት አጠገቤ «ተይ!» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ስድስት መቶ ቅጂ ዛሬ ከእናቴ አልጋ ሥር ባልተከመረ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ለሁለተኛ ዲግሪ በሄድኩባት በደቡብ ህንዷ ማይሶር ነው። ከከተማዋ በላይ ቻሙንዲ የሚባል ኮረብታ አለ። አንድ ሺህ ያህል ደረጃ ቆጥሮ የወጣ ሰው ከላይ የሚያገኘው በቀኝ እጁ ሰይፍ፣ በግራው እባብ የያዘ፣ ሪዙ የተጎፈረ ሐውልት ነው። ማሂሻሱራ፣ ባጭሩ ማሂሻ ይባላል፤ ማይሶር የሚለው ስምም ከእርሱ የመጣ ነው። ታሪኩን የነገረችኝ ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ ናት፣ ምስር እየለቀመች። የጎሾች ንጉሥ ነበር፤ መንኖ ተጋደለና ፈጣሪው አምላክ ብራህማ ወንድ የሆነ ሁሉ እንዳይገድለው ቃል ገባለት። ሴትን ከቁጥር አላስገባትም። ሰማይን ቀምቶ አማልክቱን ሲያባርራቸው ቁጣቸው ብርሃን ሆኖ ከየፊታቸው ወጣ፤ ብርሃኑ ተጠራቅሞ ሴት ሆነ፤ ዱርጋ ተባለች። ከአማልክቱ ሺቫ ባለሦስት ጣት ጦሩን፣ ቫዩ ቀስቱን፣ የሂማላያ ተራራ አንበሳውን አስታጠቋት።

የእኔ ጀግና ታራ ግን አምላክ አይደለችም፤ የጎሽ እረኛ ልጅ ናት። መሣሪያውንም ያዋሷታል እንጂ አይሰጧትም። የመጽሐፉ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ብድር ነው። ይህን በማሰቤ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

የአጻጻፍ መምህራን «መጀመሪያ ዓለሙን ፍጠሩ፣ ካርታ ሣሉ» ይላሉ። አትስሟቸው። ሦስት ወር ሙሉ ወንዝና ተራራ ስሥል አንድ ገጽ አልጻፍኩም። እነዚህን ተረኮች የሚያንቀሳቅሳቸው የቃል ኪዳኑ ቀዳዳ ነው። የላንካ ንጉሥ ራቫና ከአማልክትና ከአጋንንት እጅ እንዳይሞት ሲለምን ሰውን ንቆ ሳይጠራው ቀረ፤ ሰው ሆኖ የተወለደው ራማ ገደለው። ሌላው ንጉሥ ሂራንያካሺፑ በቀንም በሌሊትም፣ በቤትም በደጅም፣ በሰውም በእንስሳም እንዳይሞት ተዋዋለ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ደፍ ላይ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ የሆነ ፍጡር ቀደደው። ቀዳዳውን ያገኘሁ ዕለት መጽሐፉ ራሱ ይጎትተኝ ጀመር።

(አማርኛም የራሱን ወጥመድ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ታራ ጠላቷን አይታ «ጎሽ!» ብላ ስትጮኽ እያስጠነቀቀች ይሁን እያሞገሰች አይታወቅም። ሦስት ቦታ አስተካከልኩ፤ አንዱን ሆን ብዬ ተውኩት።)

ረቂቁ በአሥራ አራት ወር አለቀ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን ከወመዘክር አወጣሁ። የሽፋኑ ሠዓሊ አንበሳውን ከልቡ ሣለው። እስከዚህ ድረስ እንከን አልነበረም።

ከዚያ አርታኢ ዘንድ ሄድኩ። በረቂቄ አማልክቱን ዴቫ፣ እንደ ማሂሻ ያሉትን ባላንጣዎቻቸውን አሱራ ብዬ በህንድ ስማቸው ጠርቻቸው ነበር። የተከበሩ፣ ብዙ መጽሐፍ ያረሙ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «እኅቴ፣ ዴቫና አሱራ የሚል ቃል የሐበሻ አንባቢ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። አማልክት ካልሽም ጣዖት ታመልካለች ይሉሻል። መላእክትና አጋንንት በያቸው፣ ይገላግልሻል» አሉኝ። እኔም፣ ሁለት ዓመት ማይሶር የኖርኩት ሰው፣ «እሺ ጋሼ» አልኩ። በእርሳቸው ተናድጃለሁ፤ «እሺ» ባልኩት በራሴ ግን የባሰ እናደዳለሁ።

የዚያኑ ማታ ኮምፒውተሬ ላይ «ዴቫ» የሚለውን ሁሉ በ«መልአክ»፣ «አሱራ»ን በ«ጋኔን» አስተካሁት። ኮምፒውተር ሰዋስው አያውቅምና «ዴቫዎች» «መልአክዎች» ሆኑ። የሺቫ ሌላ ስሙ ማሃዴቫ ነው፤ እርሱም «ማሃመልአክ» ሆነ። እስከ ንጋት ድረስ በእጄ ስለቅም አደርኩ፤ አንድ «ማሃመልአክ» ግን ገጽ 212 ላይ ተደብቆ ታተመ። አንድ ሺህ ቅጂ።

የፊደሉ ስሕተትስ ያስቃል። የሚያመው የትርጉሙ ነው። ዴቫና አሱራ በአባት የሚገናኙ ወንድማማቾች ናቸው፤ አባታቸው ካሽያፓ፣ እናቶቻቸው አዲቲና ዲቲ። ጠባቸው የርስት ጠብ ነው። አሱራ ይመንናል፣ ይጋደላል፣ የልፋቱን ያህል ይከፈለዋል። ኢንድራ የዴቫዎች ንጉሥ ሆኖ ሳለ ሶማ የሚባለውን መጠጥ ይወዳል፣ ለዙፋኑም ሲል ይፈራል። እኔ ይህን ሁሉ ወስጄ ገነትና ሲኦል አደረግኩት። ምዕራፍ አራት ላይ «መልአኩ ሰከረ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋ አንባቢዬ እናቴ ነበረች። ገጽ 41 ላይ ደርሳ ጠራችኝ። እዚያ ማሂሻ ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዓመታት በአንድ እግሩ ቆሞ ይጸልያል። በደቡብ ህንዷ ማሃባሊፑራም ዓለት ላይ እንዲህ የቆመ መናኝ ተቀርጾ አይቻለሁ፤ ምስሉን የወሰድኩት ከዚያ ነው። እናቴ ግን በአንድ እግሩ ቆሞ የጸለየ የምታውቀው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነው።

«ልጄ» አለችኝ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ፤ «ጋኔን በአንድ እግሩ ቆሞ ጸልዮ ቃል ኪዳን ካገኘ፣ እኛ በሁለት እግራችን ምን እንሠራለን?»

መልስ አልነበረኝም። «አሱራ» ብዬ ትቼው ቢሆን ኖሮ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» ብላ ታነብ ነበር። «ጋኔን» ስላልኳት ግን ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ጋኔን ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቃለች።

ከሁሉ የከፋው መጨረሻው ነው። ማይሶር ውስጥ ማሂሻን እንደ ደግ ንጉሥ የሚዘክሩ፣ ማሂሻ ዳሳራ የሚሉትን የራሳቸውን በዓል የሚያከብሩ ሰዎች አሉ። ታራ የመጨረሻዋን ጦር ከመወርወሯ በፊት የምታመነታው ለዚህ ነው፤ የእረኞቹ ንጉሥ እርሱ ነበር። ጋኔን ለመግደል የምታመነታ ጀግና ግን ሞኝ ትመስላለች። አንድ አንባቢ ደውሎ «ለምን ታስረዝሚዋለሽ? ትውጋውና ይለቅ» አለኝ።

ለሁለተኛው እትም ዴቫንም አሱራንም መለስኳቸው። የቃላት መፍቻ አላስገባሁም፤ ሌላ አርታኢ «ግዴታ ነው» ቢሉኝም እንቢ አልኩ። በምትኩ የታራ አያት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ወተት እያለበች የሁለቱን እናቶች ወሬ ታወራለች፤ ግማሽ ገጽ ናት፣ በቃች። ስለ ቃሉ የጠየቀኝ አንድም አንባቢ የለም።

ለእናቴ አዲሱን እትም ወሰድኩላትና አሮጌውን እንድትመልስልኝ ለመንኳት። አልመለሰችም። ገጽ 41 ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፈችውን አሳየችኝ፦ «ይጠየቅ»። የምትጠይቀው የንስሐ አባቷን ነው።