3ሲ 273 ለምን ይዋዥቃል?
ሰሞኑን ማታ ማታ ስለ ኳሳሮች፣ ማለትም በሩቅ ጋላክሲዎች መሃል ስላሉ እጅግ ደማቅ ነገሮች፣ ሳነብ ነው የማመሸው። ከሁሉም ልቤን የወሰደው 3ሲ 273 ነው። በሰንቡላ ኮከቦች አቅጣጫ ይገኛል። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያም ሆኖ ደህና ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ከግቢው ሆኖ ሊያየው ይችላል። ሲታይ ተራ ኮከብ ነው የሚመስለው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርተን ሽሚት ይህን ያህል ሩቅ መሆኑን ሲደርስበት ጉድ ተባለ። እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ በዚያው ዓመት የተሠራ ሌላ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ሃርላን ስሚዝና ዶሪት ሆፍላይት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን አሮጌ፣ በመስታወት ላይ የተነሱ የሰማይ ፎቶዎች አገላበጡ። ኳሳሩ ማንነቱ ሳይታወቅ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ፎቶ ሲነሳ ኖሯል ለካ! አንዴ ደመቅ፣ አንዴ ፈዘዝ ይላል።

ይህች መዋዠቅ ቀላል አይደለችም። አንድ ነገር በወር ውስጥ ጎላ ብሎ ከደመቀ፣ ስፋቱ ብርሃን በወር ከሚጓዘው ብዙም አይበልጥም። የአንዱ ጫፍ ለውጥ ሌላው ጫፍ ጋ ከብርሃን ፈጥኖ አይደርስማ። የኛ ጋላክሲ ስፋት እኮ 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ያቺ ሚጢጢ ቦታ ግን ሙሉ ጋላክሲ አስንቃ ታበራለች።

መሃሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ ነገር ነው፤ ስለዚህ ራሱ አያበራም። የሚያበራው እየተሽከረከረ የሚገባበት ጋዝ ነው። ጋዙ እየተፋተገ ይግላል፣ በመግነጢስ ይታመሳል፣ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይሳሳል። ከመሃሉ የሚወረወረው ፈጣን የቅንጣቶች ጅረትም የራሱን ረብሻ ይጨምርበታል። የየትኛው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ።

ወጣ ብለው ደግሞ የጋዝ ደመናዎች አሉ። መሃሉ ሲደምቅ እነሱ የሚደምቁት ቆይተው ነው፤ የገደል ማሚቶ በሉት። የዘገዩበት ጊዜ ርቀታቸውን ይናገራል። የ3ሲ 273 ደመናዎች ከመሃሉ ወደ 150 የብርሃን ቀን ይርቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቺሊ ያሉ አራት ግዙፍ ቴሌስኮፖች ተቀናጅተው ለክተውታል። ርቀቱና የደመናዎቹ ፍጥነት ከታወቀ የጥቁር ጉድጓዱ ክብደት ይሰላል።

የኛም ጋላክሲ መሃል 4 ሚሊዮን ፀሐይ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ አለ። የሚገባበት ጋዝ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ግን ጦሙን ያድራል።