ፀሐይ የምጣድ ያህል ብትሆንስ?

የፕላኔቶችን መጠን በቁጥር እየሸመደድኩ እንደሆነ ባለፈው ነግሬያችሁ ነበር። ተውኩት። ሳምንት ሳይሞላው ከጭንቅላቴ ይጠፋል። አሁን ማድ ቤት ገብቻለሁ።

የእናቴ ምጣድ ስፋቱ 58 ሴንቲ ሜትር ነው። እሱን ፀሐይ አደረግኩት። የፀሐይ ዳያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት) 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ ልክ ምድር 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ትሆናለች። አንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው። ምጣዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ደረደርኩት። 109 መግባት ነበረበት፣ እኔ ግን 104 ላይ ሞላብኝ፤ ፍሬው አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው። እማዬ ከኋላዬ ቆማ «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» አለች።

ጁፒተር 6 ሴንቲ ሜትር፣ ሳተርን 5 ወጡ። ሁለት ሎሚ ተገኘላቸው። ዩራነስና ኔፕቱን ብይ ናቸው። ፕሉቶ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር፣ ጤፍ! ከኛዋ ጨረቃ እንኳ ያንሳል።

የተሸወድኩት ጋኒሜድ ላይ ነው። የጁፒተር ጨረቃ ናት። 2,634 ኪሎ ሜትር የሚል አግኝቼ፣ 4,879 ከሆነው ከሜርኩሪ ጋር አወዳደርኩና ግማሹ ናት ብዬ ጻፍኩ። ለካ የመጀመሪያው ሬዲየስ (የዳያሜትር ግማሽ) ነው፣ ሁለተኛው ዳያሜትር! ሲስተካከል ጋኒሜድ 5,268 ሆነች። ጨረቃ ሆና ከፕላኔት በለጠች። የሳተርኗ ታይታንም ሜርኩሪን ትበልጣለች። ክብደት ላይ ግን ሜርኩሪ ከእያንዳንዳቸው እጥፍ በላይ ነው፤ እሱ ብረት የበዛበት ድንጋይ ነው፣ እነሱ ግማሽ ያህላቸው በረዶ ነው።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣሁ። ምጣዱ እንዳይሰበር በልኩ ካርቶን ቆረጥኩና ታናሽ ወንድሜን አሸክሜ 62 ሜትር ራቅኩ። በዚህ ልክ የምድርና የፀሐይ ርቀት ይኸው ነው። ካርቶኑ ሰማይ ላይ የምናያትን ፀሐይ አክሎ ታየኝ። እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ጨረቃ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች የጎመን ዘር መርፌ ጫፍ ላይ በሙጫ አጣበቅኩ። ከምድር ያላት ርቀት 16 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ዘሯን ፊቴ ያዝኳት። ካርቶኑን ትጋርደዋለች ስል ብዥታ ብቻ! ግራ ገባኝ። ሳስበው የዓይኔ ብሌን ከዘሯ ይሰፋል፤ ጥላዋ ብሌኑን በሙሉ ሊሸፍን አልቻለም። የጨረቃ ጥላም እኮ ምድርን በሙሉ አያለብስም፣ ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ወረቀት በመርፌ በስቼ በቀዳዳው አየሁ። ካርቶኑ ጥፍት አለ! (በእውነተኛዋ ፀሐይ ግን በቀዳዳም ቢሆን እንዳትሞክሩት፣ ዓይን ያጠፋል።) ዘሯን ትንሽ ራቅ ሳደርጋት ዙሪያዋን ቀጭን ቀለበት ወጣ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየው የፀሐይ ግርዶሽ እሱ ነው፤ ያን ቀን ጨረቃ ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መጋረድ አቃታት።

ወንድሜ እጁ ዝሎ «አልበቃህም?» እያለ ይጮህ ነበር። ኔፕቱን 1.9 ኪሎ ሜትር ላይ መሆኑን ገና አልነገርኩትም።